አልታየችና በራሱ የሚለወጠው ገጽ

አልታየች ገብረመንፈስቅዱስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የስድስት ቁጥር መስኮት ሠራተኛ ነበረች። ስድስት ቁጥር የላቦራቶሪ ውጤት የሚነገርበት ነው። ደም የሰጠውም ሽንት የሰጠውም አዳራሹ ውስጥ በረጃጅሞቹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድሮ ወደዚያች መስኮት ያያል። ከመስኮቷ በስተኋላ አልታየች አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች።

ሥራዋ ሲሰሙት ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የታካሚዎች ስም በረድፍ የሰፈረበት ገጽ አለ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «በምርመራ ላይ» ወይም «ደርሷል» ይላል። ላቦራቶሪ ያሉት ባለሙያዎች የአንዱን ሰው ውጤት ጨርሰው ሲያስገቡ ቃሉ ይለወጣል። ገጹ ግን መለወጡን በራሱ አያሳይም፤ እንደ ተከፈተ ተገትሮ ይቀራል። አዲስ ነገር መኖሩን ለማወቅ አልታየች ኪቦርዱ ላይ ከላይኛው ረድፍ አንዷን ቁልፍ መጫን አለባት። ያን ጊዜ ገጹ ድራሹ ይጠፋና ነጭ ይሆናል። ቆይቶ የሆስፒታሉ ስም፣ ቀጥሎ አርማው፣ ከዚያ ሌላው ኮተት ሁሉ፣ በመጨረሻም የሰዎቹ ዝርዝር እየተንጠባጠበ ይመጣል። እሷም እንደገና ከላይ ጀምራ ወደ ታች እየወረደች አዲስ የደረሰ ትፈልጋለች። ካገኘች ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ስሙን ትጠራለች፤ ወረቀቱን አትማ ትሰጣለች፤ ቁልፏን ደግማ ትጫናለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ስትጫን ኖራለች።

ኔትወርኩ ደህና በሆነ ቀን ነጩ ዐይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው። ባልሆነ ቀን ግን አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ያልቃል። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች ጊዜን በጸሎት መለካት ከልጅነቷ ያደገችበት ነው። የካርድ ክፍል ሴቶች አንዳንድ ጊዜ ብቅ ብለው ያዩና «እንዴት ቻልሽው እባክሽ? እኔ ብሆን ይህን ኮምፒውተር አንስቼ አፈርጠው ነበር» ይሏታል። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ያን ነጭ አትጠላውም ነበር። ገጹ ነጭ ሲሆን የሚሠራ የለም፣ የሚታሰብም የለም። ዝም ብሎ ማየት ነው። ዝም ብላ ስታይ ደግሞ ሥራ ላይ ናትና ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» አይላትም።

ምን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ባሏ ዘሥላሴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከአረርቲ ጤፍ ጭኖ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርድ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን እንደ ጀመረ መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ልጅ አልወለዱም ነበር።

በለቅሶው ላይ አልታየች አላለቀሰችም። የዘሥላሴ እህት አመተ ማርያም ደረቷን እየደቃች መሬት ስትወድቅና ስትነሣ፣ አልታየች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ የሰዎቹን ጫማ ታያለች። «ደንግጣ ነው፤ ኋላ ይወጣላታል» አሉ ሰዎች። በሠልስቱ አልወጣላትም። በአርባውም አልወጣላትም። በአርባው ዕለት አመተ ማርያም ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣

«ወንድሜ እኮ ድንጋይ ነው ያገባው!» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አመተ ማርያም የአልታየችን ቤት አልረገጠችም። አልታየች ቃሉን ስትሰማ ይከፋኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አልከፋትም። አባቷ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ለአርባው ከአንኮበር መጥተው ነበር። ሊሄዱ ሲነሡ በር ላይ ቆሙና፣

«እህል ትቀምሻለሽ?» አሏት።

«እበላለሁ፣ አባቴ።»

«እንቅልፍስ?»

«እተኛለሁ።»

«እንግዲህ» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ወረዱ።

እውነቷን ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በሰዓቱ ሥራ ትገባለች። የደነዘዘ እግርን ሰው ቆንጠጥ አድርጎ እንደሚሞክረው እሷም ራሷን የምትሞክርበት ቀን ነበር። የዘሥላሴን ፎቶ ከቁም ሳጥኑ ታወጣለች። ዘሥላሴ የመኪናው በር ላይ ክንዱን ጥሎ ይስቃል። ጥቂት ታየዋለች። ከዚያ መልሳ ልብሱ መካከል ትከተዋለች።

ራኒያ የመጣችው በኅዳር ነው። ሆስፒታሉ ሲስተሙን እንድታስተካክልለት በኮንትራት የቀጠራት፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር የአልዩ አምባ ልጅ ናት። ቢሮ ተሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን መጀመሪያ ሥራው ሲሠራ ልይ ብላ ወንበር ጎትታ አልታየች አጠገብ ተቀመጠች። ግማሽ ቀን ምንም ሳትናገር አየች።

«እትዬ አልታየች» አለች በኋላ፣ «ይህችን ቁልፍ ባይጫኑ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ምንም ስለማይሆን ነው የምጫነው። ደግሞ አንቺ በይኝ፤ አርባ እንኳ አልሞላኝም።»

ራኒያ ሳቀች። «እሺ አንቺ። ይኸውልሽ፣ ይህ ገጽ የአንዲት ሴትዮ ውጤት ደረሰ አልደረሰ ብሎ ለመጠየቅ ያለውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ከአጥርሽ አንድ እንጨት ቢሰበር አጥሩን በሙሉ ነቅለሽ እንደ አዲስ ታጥሪያለሽ?»

«አላጥርም።»

«እሱ ግን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ አሁን የምሠራልሽ ገጹ እንደ ተከፈተ ይቆያል። አንቺ አታይውም እንጂ በየአሥር ሰከንዱ ከጀርባ ሰርቨሩን፣ ለገጹ መረጃ የሚሰጠውን ዋና ኮምፒውተር፣ ‹ምን አዲስ ነገር አለ?› ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ የተለወጠውን ብቻ ይመልስለታል። ገጹም ያችን አንዷን ረድፍ ብቻ ይቀይራል፤ ሌላው ከቦታው ንቅንቅ አይልም።»

«ነጭ አይሆንም?» አለች አልታየች።

«በፍጹም!» አለች ራኒያ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው።

ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። የራኒያ እናት ኩብራ አልዩ አምባ ገበያ ላይ በርበሬና ሎሚ ትሸጣለች። አልታየች በልጅነቷ ከአንኮበር ቁልቁል ወርዳ እዚያው ገበያ ትገበይ እንደነበር ነገረቻት።

«መውረዱ ምንም አይደል፤ መውጣቱ ነው።»

«እኛ ደግሞ የምንፈራው ብርዳችሁን ነው» አለች ራኒያ። «እናቴ አሁንም ስደውል ‹እዚያ ቁር አገር ልጄን ምን ወሰዳት› ትላለች።»

ራኒያ ብዙ ትናገራለች፤ አልታየች ትሰማለች። ስለ ባሏ ሰው ነግሯታል፤ ራኒያ ግን አንድም ቀን አላነሣችባትም። አልታየች ይህን ልብ ብላዋለች።

አዲሱ ገጽ ሥራ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። አስተዳዳሪው አቶ ገብረአብ ሠራተኛውን ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ ስም መጥራት ቀርቷል። ስክሪኑ ራሱ ይናገራል። ውጤቱ የደረሰ ሰው ወደ መስኮት ይሄድና ወረቀቱን ይወስዳል» አሉ። ተጨበጨበ። በሩ አጠገብም ይኸው በጽሑፍ ተለጠፈ።

አልታየች መስኮቷ ላይ ተቀምጣ አየች። ገጹ ጸጥ ብሏል። በመካከል አንድ ስም ጎን «በምርመራ ላይ» ጠፍቶ በአረንጓዴ «ደርሷል» ተተካ። ከላዩም ከታቹም ያሉት ስሞች አልነቃነቁም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ወጣት ቀና ብሎ አየና ተነሥቶ መጣ። ወረቀቱን ሰጠችው። ሌላ ረድፍ ተለወጠ። ሌላ ሰው መጣ። ጣቷ ሳታዝዘው ቁልፏን ፍለጋ ሄደ።

«ተይው እንጂ!» አለች ራኒያ ከኋላዋ። «እሱ ይጠይቃል፤ አንቺ እረፊ።»

አረፈች። ማረፉ ግን እንዳሰቡላት አልሆነም። ያ ነጭ ከሄደ በኋላ ቀኑ መሐሉ ላይ ቀዳዳ የሌለው ሆነባት። ረድፍ እስኪለወጥ ዝም ብላ ስትቀመጥ ያልጠራችው ነገር ይመጣል። ዘሥላሴ ጠዋት ጠዋት የጫማውን ክር ሳያስር እስከ በር እየጎተተ ሲሄድ። ዘሥላሴ ሻይ ሲጠጣ መጀመሪያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ሲሞቅ። ከመስኮት ሆና መንገድ የሚያልፍ ሰው እንደምታይ ታየዋለች። ያልፋል። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንዲላወስ ትጠብቃለች፤ አይላወስም። ደግሞ ረድፍ ይለወጣል።

ሐሙስ ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ከቀትር በፊት «ኃይለኢየሱስ ወልደጊዮርጊስ» የሚል ስም አረንጓዴ ሆነ። አልታየች ወረቀቱን አትማ ትሪዋ ላይ አኖረችው። የመጣ የለም። ሌሎች መጡ፣ ወሰዱ። ከሰዓት በኋላም ወረቀቱ እዚያው ነበር። አንድ ሁለቴ ዐይኗ አርፎበታል። «ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ይሆናል» አለች በልቧ። መጥራት ቀርቷል ተብሏል፤ አልጠራችም።

ሥራ ሲያበቃ ቦርሳዋን ይዛ ወደ አዳራሹ ወጣች። ፅዳቶቹ ወለሉን ያጥባሉ። ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ በመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በትራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው ወደ ግድግዳው አንጋጠዋል።

«አባባ፣ ተዘጋ እኮ። ምን ይጠብቃሉ?»

«ስሜን ነዋ፣ ልጄ።»

«ስምዎ ማን ነው?»

«ኃይለኢየሱስ። የወልደጊዮርጊስ ልጅ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ ቦታዬን እንዳልለቅ ብዬ ለምሳም አልወጣሁ። ይናገራል ያሉት ይኸው አይደል?» በበትራቸው ጫፍ ስክሪኑን አሳዩ። «እስካሁን ምንም አላለም።»

አልታየች ስክሪኑን አየች። ስማቸው ከላይ ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል። ልቧ ይመታል ብላ ጠበቀች። የተሰማት ግን ድካም ብቻ ነበር። ወደ ውስጥ ተመልሳ ወረቀቱን አመጣች።

«ደርሶ ነበር፣ አባባ። ከቀትር በፊት ነው የደረሰው። እኔ ነኝ ያልጠራሁዎት።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። አልተቆጡም። «ሐኪሙስ አለ?» አሉ።

ሐኪሙ ሄዷል። ወደ አገራቸው ወደ ሰላ ድንጋይ የሚሄደው የመጨረሻ መኪናም ወጥቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ዘመድ የላቸውም። አልታየች ብዙ አላሰበችም፤ «እኔ ቤት ያድራሉ» አለችና ከረጢታቸውን አንሥታ ቀደመች።

ሽሮ ሠርታ አቀረበችላቸው። በሉ፤ መረቁ። አልጋ ልብስ ልታወጣላቸው ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ፎቶው ከልብሱ መካከል ወደቀ። አነሡላት።

«ባለቤትሽ ነው?»

«ነበር። መኪና ነው የገደለው።»

«ነፍስ ይማር።» ፎቶውን አራቅ አድርገው አዩት። «ሳቂተኛ ነው።»

«አላለቀስኩለትም» አለች አልታየች። ይህን ለሰው ተናግራው አታውቅም፤ ለምን ለእሳቸው እንደነገረቻቸውም አላወቀችም። «ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም።»

ሽማግሌው ፎቶውን መለሱላት። «እኔም ባለቤቴ የሞተች ጊዜ በአራተኛው ቀን ገብስ ሳጭድ ነበርሁ። ሰው ታዝቦኛል። ገብሱ ደርሶ፣ ሰማዩም ጠቁሮ ነበር፤ ምን ላድርግ?»

አልታየች ጠበቀች።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ወቃሁት» አሉ።

ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ እሷው አስገባቻቸው። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸውና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ራኒያ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «አዬ ጉዴ! የገዛ እናቴ ፊደል አትለይም። ፊደል የማትለይ እናት እያለችኝ እንዴት አላሰብሁትም?» አለችና አልታየችን እጇን ይዛ አቶ ገብረአብ ቢሮ ገባች። አስተዳዳሪው አዳመጡና፣

«ማስታወቂያ ለጥፈን የለም እንዴ?» አሉ።

«ማስታወቂያውንም ማንበብ አይችሉም» አለች አልታየች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችው። አቶ ገብረአብ ቀና ብለው አዩዋት። እዚያ ቢሮ ስትናገር ሲሰሟት የመጀመሪያቸው ነበር። «እንግዲያው አንቺው ጥሪያ» አሉ፣ ግማሽ በቀልድ። ራኒያ ግን ቃላቸውን በቀልድ አልተወችውም፤ በማግስቱ አጽፋ አስፈረመቻቸው።

ስድስት ቁጥር መስኮት ተዘጋ። የአልታየች ጠረጴዛና ማተሚያ አዳራሹ ውስጥ ከስክሪኑ ሥር ተደረጉ። ራኒያ ገጹ ላይ አንዲት ትንሽ ደወል ጨመረችበት፤ ረድፍ በተለወጠ ቁጥር እንደ ቃጭል ትጮኻለች። ደወሏን ስትሰማ አልታየች ቀና ብላ ታነብና ተነሥታ ስሙን ከነአባቱ ትጠራለች። ከመስኮት ጀርባ ሳለች ሰዎቹን በቅጡ አታያቸውም ነበር፤ አሁን ጉልበታቸው ጉልበቷን ሊነካ ምንም አይቀረው። መንገድ ይጠይቋታል፤ ልጃቸውን ያዥልን ይሏታል፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል እንድታነብላቸው ይለምኗታል። «ሐኪሙ ነው የሚያነብልዎ» ትላለች። ደስ አላላትም፤ አልከፋትምም። ማታ እግሯ ያማታል።

የራኒያ ኮንትራት በጥር አለቀና አረርቲ ሌላ ሥራ አገኘች። ልትሄድ ስትል፣

«ደህና ነሽ ግን?» አለቻት።

«ደህና ነኝ።»

«የምርሽን?»

አልታየች አሰበች። «ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ራኒያ። ውስጤ ዝም ነው ያለው።»

«አላህ ያግራልሽ» አለች ራኒያ፤ አቀፈቻት። መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ በኋላ ራቅ ራቅ አለ። በዚያው ወር የዘሥላሴ ዘመዶች ለአንድ ሌላ ዘመዳቸው ተዝካር ሲሰበሰቡ አልታየችና አመተ ማርያም አንድ ማዕድ ላይ ገጠሙ። አመተ ማርያም «ጉረሺ» ብላ ወጥ ወደ እሷ ገፋችላት። አልታየች ጎረሰች። ከዚያ ያለፈ ቃል አልተነጋገሩም።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ ደወሏ ዝም አለች። ስክሪኑ ላይ ምንም የተበላሸ አይመስልም። ስሞቹ አሉ፣ ከጎናቸው «በምርመራ ላይ» ይላል፣ ሁሉም ሥርዓት ይዞ ተቀምጧል። ሰውም በትዕግሥት ያያል። አልታየች ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ጥቂት ደግማ ጠበቀች። የዚህን ያህል ረጅም ሰዓት አንድም ሰው ሳይደርስለት ቀርቶ አያውቅም። ተነሥታ ላቦራቶሪ ወጣች።

«ስንቱን አስገብተናል እኮ!» አሏት። «ሃያ ሰው አይሞላም? አላያችሁትም እንዴ?»

ደረጃው ላይ ቆማ ለራኒያ ደወለች። ራኒያ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀቻትና፣

«ሰርቨሩ ቆሟል» አለች። «ገጹ መጠየቁን አልተወም፤ መልስ ግን የለም። መልስ ሲያጣ የመጨረሻውን ይዞ ዝም ይላል። ‹መልስ አጣሁ› ብሎ እንዲናገር ማድረግ ነበረብኝ። ረሳሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለሆስፒታሉ ቴክኒሻን አሁን እደውልለታለሁ።»

«ሰዎቹስ?»

«እስኪነሣ በእጅሽ ነው።»

አልታየች ወደ ላቦራቶሪ ተመለሰች። ባለሙያዎቹ መዝገባቸውን ገልጠው የደረሱትን ስሞች በወረቀት ጻፉላት፤ ውጤቱንም እዚያው አትመው አስይዘዋት ወረደች። አዳራሹ ውስጥ ማንም ምንም አላወቀም። ሁሉም ወደ ስክሪኑ አንጋጧል። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመች፤ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ ደግፋ የመጀመሪያውን አነበበች።

«ማኅደረማርያም ተክለወልድ!»

ከኋለኛው ወንበር አንዲት እርጉዝ ሴት ወገቧን ይዛ ተነሣች። አልታየች ሴትዮዋ ሰዉን እየጣሰች እስክትደርስ አልጠበቀቻትም፤ ራሷ ሄዳ ሰጠቻትና ሁለተኛውን ስም ጠራች።